እናቴና እኔ የተቆለፈብን ቤተክርስቲያን

ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ሲያትል ከገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። ነገሩ የሆነው እንግሊዝ አገር ነው፤ የጀመረውና ያለቀው ግን እዚሁ ሲያትል፣ እኛው መካከል ነው።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። የዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ መጥቼ ሌክ ሲቲ ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። ኤርፖርት አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ የእንግዶች ሚኒባስ እነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ሻንጣ መጫን፣ ሻንጣ ማውረድ፣ ፈገግ ማለት ነው ሥራዬ። እጮኛዬ ሌንሴ ነርስነት ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዴ ሞይን የምትባል ከተማ የአዛውንቶች ቤት ትሠራለች። የተዋወቅነው ቤተክርስቲያን ነው። ቤተክርስቲያን ስል የእኛን የጴንጤዎቹን ማለቴ ነው፤ እሑድ ከሰዓት የፈረንጆችን አዳራሽ ተከራይተን የምንሰበሰብበትን።

ያደግሁት ግን ደብረ ብርሃን፣ በኦርቶዶክስ ቤት ነው። አባቴ ቀደም ብሎ ስላረፈ እኔንና ታናሽ እህቴን ብርቄን ያሳደገችን እናታችን ብቻዋን ናት። ጌታን የተቀበልኩት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ሲሆን፣ ለእናቴ ያኔውኑ ቤት ሄጄ ፊት ለፊት ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "እህ" ብላ ተነሳችና የደረቀ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሲያትል ከመጣሁ በኋላ በስልክ ስንገናኝ ስለ ወገቧ ሕመም፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ብርዱ እናወራለን። ሁለታችንም ወዴት መሄድ እንደሌለብን እናውቃለን።

እንጋባ ብለን ስንወስን ነገሩ ሁሉ የተቃና መሰለ። ብርቄ ባሏን ተከትላ እንግሊዝ ገብታ ነበርና የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እናታችን መጀመሪያ እንግሊዝ ሄዳ አራሷን ልታርስ፣ ከዚያ ወደ ሲያትል ተሻግራ ሰርጌ ላይ ልትገኝ ተስማማን። የሁለቱንም አገር ቪዛ አገኘች። እኔም "ዝም ብላ የኖረችው ተቀብላው ነው" ብዬ ልቤን አሳረፍኩ።

አንድ ማለዳ ብርቄ ኮል አደረገች።

"ሰይፉ፣ እማዬ አልሄድም ብላለች።"

"የት?"

"አሜሪካ ነዋ! ሰርግህ ላይ አልገኝም ብላለች።"

"ለምን?"

"እሱን አትናገርም። ስጠይቃት ሕፃኑን አንስታ ማባበል ትጀምራለች። ና፣ አንተው አነጋግራት። እኔ እንኳን ከእሷ ጋር ልከራከር ቆሜ መሄዱም አቅቶኛል።"

ማታ ለሌንሴ ነገርኳት። መኪናዬን የትምህርት ቤቷ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ነበር የነገርኳት። ብዙ አላሰበችም።

"ሂድ" አለችኝ።

"ሥራዬስ? ፈቃድ ባይሰጡኝስ?"

"ሥራ ሌላ ይገኛል። እናትህ ሳትኖር ግን እኔ አላገባም፣ ሰይፉ።"

"ሶ ሰርጉን ልናራዝም ነው?"

"ኦኬ፣ ካስፈለገ እናራዝማለን። አንተ ብቻ ሂድ።"

ሄድኩ።

እናቴ በሩ ላይ ስታየኝ አንገቴን አቅፋ ደጋግማ ሳመችኝ። ከስታ ነበር፤ ዓይኗ ግን ያው የማውቀው ዓይን ነው። "ከሳህ" አለችኝ እሷው። አበላችኝ፣ አስተኛችኝ፣ ካልሲዬን ሳይቀር አጠበችልኝ። ስለ ሰርጉ ግን ጭራሽ። ላነሳው ስል "ቆይ ሕፃኑ ይተኛ" ትላለች። ሕፃኑ ሲተኛ እሷም ትተኛለች። ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። ብርቄ ከመኝታዋ ሆና በዓይኗ "እህስ?" ትለኛለች፤ እኔ ትከሻዬን እሰብቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እናቴ መስኮቱ ጋ ቆማ ትመለከታለች። የብርቄ ቤት ከከተማዋ ዳር ስለሆነ ከሜዳው ማዶ ያለችው መንደር ወለል ብላ ትታያለች። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ አንድ ጥቁር የድንጋይ ግንብ ቆሟል።

"ያ ግንብ ቤተክርስቲያን ነው አይደል?"

"ነው።"

"ዛሬ የእመቤታችን ቀን ነው። ውሰደኝ።"

"እማዬ፣ እሱ እኮ የኛ አይደለም።"

ዞር ብላ አየችኝ። "የኛ ስትል? የኔ ነው ወይስ ያንተ?"

ከዚያ የልብስ ማጣጠፍ ቀን ወዲህ ነገሩን በአፏ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነበር። ደነገጥኩ።

"የሁለታችንም አይደለም" አልኳት።

"እንግዲያውስ እኩል ነን። ጫማህን አድርግ።"

በሜዳው መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ተያይዘን ሄድን። ሰማዩ ደመና ነው፤ አልፎ አልፎ ያካፋል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ጋቢዋን ከላይ ደርባለች። ቅጥሩ ውስጥ ያጋደሉ የመቃብር ድንጋዮች ሣር ውጧቸው ቆመዋል። በሩ ወፍራም የጥንት እንጨት፣ በብረት የተጠፈረ። እናቴ መቃኑን ሳመች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ብብቷ ሥር ያዘችው።

"እማዬ፣ እዚህ አገር ጫማ አይወለቅም። ድንጋዩ ይበርድሻል።"

"እነሱ ባያወልቁ እኔ ምን አገባኝ?"

ብቻዋን በባዶ እግሯ ስትገባ ማየቱ ደስ ስላላለኝ እኔም አውልቄ በእጄ ያዝኩ።

ውስጡ ከውጪው ይልቅ ይበርዳል። ግራና ቀኝ የተሰለፉት ዓምዶች ከላይ ሲገናኙ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ቅስት ይሠራሉ፤ ጣሪያውን የተሸከሙት ወፋፍራም አግዳሚዎች ጫፍ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ የእንጨት መላእክት ተቀርጸዋል። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ላይ እያየች "እሰይ፣ እሰይ" አለች በቀስታ። መላእክት ባሉበት ቤት ባይተዋር አልሆነችም።

መቅደሱ አጠገብ አንዲት ሸበቶ ሴትዮ አበባ ታሰናዳ ነበር። ዶሮቲ እባላለሁ አለችን። ባዶ እግራችንን አይታ ተገረመች፤ ቢሆንም ለስላሳ የመንበርከኪያ ትራስ አምጥታ ከእናቴ እግር ሥር አስቀመጠች። እናቴ ትራሱን አንስታ አቧራውን አራገፈችና መልሳ ሰጠቻት። "ንገራት፣ የጸሎት ነገር አይረገጥም።" ነገርኳት። ዶሮቲ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እናቴን ወደደቻት።

ችግር የመጣው መሃል መንገዱን ይዘን ወደ ፊት ልንሄድ ስንል ነው። እናቴ ወለሉ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አየች።

"ምን ይላል?"

"እዚህ ያረፈው... ብሎ የሰው ስም ነው።"

"ሥሩ ሰው አለ?"

"አለ።"

አንድ እግሯን አንስታ ቀረች። ወደ ቀኝ አየች፣ ሌላ መቃብር። ወደ ግራ፣ ሌላ። "በሰው ላይ አልሄድም" ብላ ወደ አግዳሚ ወንበሮቹ መካከል ገባችና በጎን፣ በጎን፣ ጉልበቷ እየተጋጨ፣ እያንዳንዱን ረድፍ አቋርጣ ወደ ፊት መጣች። ዶሮቲ "ምን ጠፋባት?" ብላ ጠየቀችኝ። ምክንያቱን ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጣቸው ኖሬያለሁ" አለች።

ዶሮቲ ልታሳየን የፈለገችው ነገር ነበራት። ከግራ በኩል፣ በተፈለፈለ እንጨት ከዋናው አዳራሽ የተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ከመሃሏ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ላይ ከነጭ ድንጋይ የተቀረጹ ባልና ሚስት ተኝተዋል። ባልየው የጦር ልብስ ለብሷል፤ እግሩ አንበሳ ላይ አርፏል። የሚስትየዋ ቀሚስ እጥፋት እውነተኛ ጨርቅ ይመስላል። የሁለቱም አፍንጫ ተሸርፏል። ቀኝ እጁ የእሷን ቀኝ እጅ ይዟል።

እናቴ ዙሪያውን ዞረች። ከሴትየዋ እግር ሥር ስትደርስ ቀጥ አለች።

"ውሻ! ቤተክርስቲያን ውስጥ ውሻ?"

እውነትም ቃጭል ያሰሩ ሁለት ትናንሽ ውሾች የቀሚሷን ጠርዝ ነክሰው ይጎትታሉ።

"የድንጋይ እኮ ነው እማዬ።"

"ቢሆንስ?"

ዶሮቲ እናቴ ምን እንዳለች ስትሰማ ሳቀች፤ ሴትየዋ ውሾቿን ትወድ ነበር ይባላል አለችን። እናቴ የድንጋዩን ፊት ትኩር ብላ አየች። "ደግ ፊት አላት። ውሻው ግን ይውጣ በላት።" የመጀመሪያውን ብቻ ተረጎምኩ።

ቀጥሎ ዶሮቲ የተናገረችውን ግን ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩት፤ ባልተረጉመው ኖሮ እያልኩም ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ባልና ሚስቱ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የኖሩ ባላባቶች ናቸው። ይህችን ክፍል ያሠሯት በሕይወት ሳሉ ነው። ከሞቱ በኋላ አንድ ካህን በየቀኑ እዚህ እየቆመ ስለ ነፍሳቸው እንዲጸልይ መሬት ትተውለታል።

የእናቴ ፊት በራ። "ተዝካር በላታ! ታዲያ እስከ ዛሬ ይጸለይላቸዋል?"

ጠየቅኳት። ዶሮቲ የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። የተወሰነ ዘመን ከተጸለየላቸው በኋላ የአገሩ ሃይማኖት ተለወጠ። ንጉሡ ስለ ሙታን መጸለይ ይቅር አለ። መሬቱ ተወሰደ፣ ካህኑ ተሰናበተ፣ ክፍሏም ዕቃ ማስቀመጫ ሆና ኖረች።

"ልጆቻቸውስ? ዝም አሉ?"

"የልጅ ልጆቻቸው አዲሱን እምነት ተቀብለው ነበር" አለች ዶሮቲ።

ይህን ስተረጉም ድምፄ ቀነሰ።  እናቴ እጇን ዘርግታ የድንጋይዋን ሴት እጅ ነካችና ግድግዳው ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዶሮቲ ሰዓቷን አይታ መሄድ እንዳለባት ነገረችን፤ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ፣ ስትወጡ በሩን ገጭ አድርጉት ብላ ተሰናበተችን።

ብዙም አልቆየ። የወንድ ሳል ሰማሁ፣ ከዚያ የበሩን መዘጋት፣ ከዚያ ቁልፍ ሲዞር። አንድ ሰው ዶሮቲን ፈልጎ ገብቶ የወጣ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከእንጨት ከለላው ውስጥ ስለነበርን የሚቆልፈው ሰው እኛን አላየንም። ሮጬ በሩን ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ በጡጫ ደበደብኩት። ያ እንጨት ድምፄን ዋጠው። ተጣራሁ። ከውጪ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። የጎኑን ትንሽ በር ሞከርኩ፤ እሱም ተቆልፏል። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። እንደ ዛሬው ሞባይል በየኪሱ አልነበረም።

ተመልሼ መጣሁ። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

"ተቆልፎብናል።"

"ሰማሁ።"

"እዚህ ልናድር እንችላለን፣ እማዬ!"

"ቤተክርስቲያን ማደር ለኔ ብርቅ አይደለም። ና ተቀመጥ፣ በርዶሃል።"

ከጋቢዋ ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። እንደ ልጅነቴ ተጠግቻት ተቀመጥኩ። የመስኮቶቹ ቀለም እየደበዘዘ ነው። ከፊታችን ያ ባልና ሚስት ተኝተዋል።

"ሰይፉ።"

"አቤት።"

"ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል?"

 "ብርቄ አለችልሽ..."

"ብርቄን አልጠየቅኩህም። ስሞት መቃብሬ አፋፍ ላይ የሚጠበቀው አንተ ነህ፤ የበኩር ልጄ። እናንተ ሰርጉን የጠላሁት መስሏችኋል። ልጅቷን የጠላኋት መስሏችኋል። በስልክ ካነጋገርኳት ቀን ጀምሮ ወድጃታለሁ። ግን እዚያ አዳራሻችሁ ገብቼ እልል ካልኩ፣ 'ከእንግዲህ ነፍሴን የሚያስብ ወንድ ልጅ የለኝም' ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው። ይሄን በእጄ መፈረም አቃተኝ።"

"አወጣልሻለሁ" ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው። ቲኬቷን ከሻንጣዋ አውጥታ በማግስቱ ትከተለኝ ነበር። አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"እንዳትዋሸኝ። መቃብር ፊት ነው ያለነው።"

 ከዚያ እንዲህ አልኳት፦ "ስለ ሞተ ሰው ነፍስ መጸለይን አላምንበትም፣ እማዬ። አምናለሁ ብልሽ ውሸት ነው። ነፍስሽ በእግዚአብሔር እጅ ናት ብዬ ነው የማምነው። የኔ ጸሎት አይጨምርላትም፣ አይቀንስባትም።"

ዓይኗን ጨፈነች። ያስከፋኋት መሰለኝ። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "አይቀንስባትም ካልክ ታዲያ ቢደረግልኝ ምን ይጎዳሃል?" አለችኝ።

 ለዚህ ዛሬም መልስ ያለኝ አይመስለኝም።

"እናቴ ስትሞት" አለች፣ "አገሩ በድርቅ ተመቶ ነበር። እንኳን ለተዝካር ለነፍስ ማቆያ እህል የለም። እንዲሁ ቀበርናት። ከዚያ በኋላ በህልሜ ትመጣለች። ደጅ ትቆማለች። 'እማዬ፣ ግቢ እንጂ፣ ብርድ ነው' እላታለሁ። አትገባም። አትናገርም። አንተን ከወለድኩ በኋላ እንኳ ትመጣ ነበር። አንድ ዓመት አዝመራው ሲያምር እህሉን አጠራቅሜ፣ ካህናት ጠርቼ፣ ደሃ አብልቼ ተዝካሯን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልመጣችም።"

ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አያቴ በድርቅ እንደሞተች አውቃለሁ፤ እናቴ ለዓመታት እንዲያ ያለ ህልም እንዳየች ግን አላውቅም።

"እኔን ደጅ ልታቆመኝ ነው፣ ሰይፉ?"

ጥያቄውን እንደ ተማርኩት ብመልሰው ቃላቱ አሉኝ፤ ጥቅሶቹንም አውቃቸዋለሁ። ግን የጠየቀችኝ እናቴ ናት፣ ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ ተደግፏል።  በልቤ ጸለይኩ። ከዚያ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ደጅ የምቆመው እኔ ነኝ" አልኳት።

"እንዴት አድርገህ?"

"ካህናቱን የምጠራው እኔ እሆናለሁ። ድንኳኑን እኔ አስተክላለሁ፣ ድግሱን እኔ አሰናዳለሁ። አንዱንም ነገር ለብርቄ አልተወውም። ፍትሐቱ ሲደርስ ግን እነሱ ይጸልዩልሽ። እኔ የቅጥሩ በር ላይ ቆሜ እስኪያልቅ እጠብቅሻለሁ። የማላምንበትን አልልም፤ ግን ጥዬሽ አልቀርም።"

አሁን ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

"ዝናብ ቢሆንስ?"

"ዝናብም ቢሆን።"

"ያንተዎቹ ቢቆጡህስ?"

"ይቆጡ።"

"የኛዎቹ 'ምን አስቆመህ' ቢሉህስ?"

"እናቴ ናት እላቸዋለሁ።"

በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።  ከዚያ እንደ ገበያ ነጋዴ ቆፍጠን ብላ፣ "እንግዲያውስ እኔም ሰርግህ ቀን በራችሁ ላይ እቆማለሁ። ውስጥ አልገባም፤ እሱን አትለምኑኝ። እልልታዬ ግን ውስጥ ድረስ ይሰማል" አለች።

አቀፍኳት። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ።

"በል አሁን ተነስና ደውል" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ደወሉን ነዋ። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከዚያ ቀይ መጋረጃ ኋላ ገመዱ ተንጠልጥሏል።"

ሄጄ መጋረጃውን ገለጥኩት። እውነትም ገመድ።

"መቼ አየሽው?"

"ገና ስንገባ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? በሩን ስደበድብ እየሰማሽኝ!"

"ብነግርህ ትወጣ ነበራ።"

ገመዱን ሳብኩት። ከላይ ከግንቡ አንድ ከባድ ድምፅ ወረደ። ደገምኩት። እናቴ ከኋላዬ ቆማ "ቶሎ ቶሎ አድርገው እንጂ! እንዲህ ዘግየት ስታደርገው ሰው የሞተ አስመሰልከው" ትላለች። "ነይ አንቺ ደውይው" ስላት "ሴት ደወል አትደውልም፤ ባይሆን አንተ ወንድ ነህ፣ ጴንጤም ብትሆን" አለችኝ።

ዶሮቲ በጃንጥላ፣ ባልዋ ደግሞ በቤት ጫማው እየሮጡ ደረሱ። ሰውየው ቁልፉን ከፍቶ ሲያየን ቀለሙ ጠፋ። ለካ የሚቆልፈው እሱ ኖሯል፤ ሚስቱ ሰው እንዳለ ሳትነግረው ተላልፈዋል። ይቅርታ ሲደረድር እናቴ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። "እግዜር ይስጥልኝ በለው" አለችኝ። ስተረጉምለት የበለጠ ግራ ገባው። በመኪናቸው ቤት ድረስ አደረሱን። ብርቄ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ "የት ገባችሁ? ፖሊስ ልጠራ ነበር!" ብላ ጮኸችብን። እናቴ ሕፃኑን ተቀበለቻትና "ሻንጣዬን አውርጂልኝ፣ ልብሴን ላዘጋጅ" አለቻት።

ሰርጋችን ቀን እናቴ ቃሏን ጠበቀች። ጠዋት ቤት ውስጥ ጉልበቷን ስመን መረቀችን። አዳራሹ ስንደርስ መዝሙሩ ተጀምሯል። እሷ በሩ ላይ፣ ለብቻዋ በተቀመጠላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንዳንድ ሰው በዓይኑ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ለማንም አላብራራሁም። የሌንሴ አባት አቶ ዲንሳ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከወለጋ ለዚሁ ሰርግ የመጡ ይመስል አገርኛ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። ልጃቸውን አምጥተው እጇን እጄ ላይ ካኖሩ በኋላ ፊት ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። ወንበራቸውን አንስተው በመሃል መንገዱ ወደ ኋላ ሄዱ። ቪዲዮው ላይ አለ፤ ወንበር ተሸክመው ሲወጡ ይታያሉ። እናቴ አጠገብ አስቀምጠውት፣ "እርስዎ ብቻዎን አይቀመጡም፣ እትዬ" ብለዋታል። ቃል ኪዳናችንን ስናደርግ ከበሩ በኩል የመጣው እልልታ አዳራሹን ሁሉ ሸፈነው። ስንወጣ ሁለቱ ስለ ከብት እያወሩ ይሳሳቁ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል በአንድ ቤት ሁለት እምነት ያላችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እዚህ ሲያትል ውስጥ ይህ ነገር ያላቃቃራቸውን እናትና ልጅ፣ ወንድምና እህት በዓይኔ አይቻለሁ። ምክር የመስጠት ብቃት የለኝም። የተማርኩትን ብቻ ልንገራችሁ፦ እኔና እናቴ ለስንት ዓመት ዝም ያልነው ስለ ሃይማኖት ልንጣላ እንደምንችል ፈርተን ነበር። በሩ ተቆልፎብን ስንነጋገር ግን የምትፈራውን አንዲት ነገር ነገረችኝ፣ እኔም የማልችለውን ነገርኳት። ከዚያ የቀረው ምን እንደሚቻል መፈለግ ነበር። ያን ቀን ዋሽቼ እሺ ብያት ቢሆን ሰርጌ ላይ ትገኝ ነበር፤ እኔ ግን በየስልኩ ስጠነቀቃትና ስሸሻት እኖር ነበር። ከዚያ በኋላ በስልክ ስናወራ ስለ ሁሉም ነገር ነበር የምናወራው። እንከራከርም ነበር። ብዙውን ጊዜ የምታሸንፈው እሷ ነበረች።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ረጅም ዕድሜ ኖራ፣ የልጅ ልጆቿን አይታ ደብረ ብርሃን አረፈች። እኔና ሌንሴ ሄድን። ካህናቱን ጠራሁ፤ ድንኳኑን አስተከልኩ። በአርባዋም ቀን ድግሱን ቆሜ አሰናዳሁ። ጠዋት ፍትሐቱ ሲጀመር የቅጥሩ በር ጋ ስደርስ ቆምኩ። የነፍስ አባቷ አዩኝና ወደ ውስጥ በእጃቸው ጠሩኝ። "አባቴ፣ ለእሷ የገባሁት ቃል እዚህ እንድቆም ነው" አልኳቸው። እናቴ ቀድማ ነግራቸው ኖሮ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ።

ሌንሴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ የሽማግሌው የአቶ ዲንሳ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን በሕይወቷ ገብታ የማታውቅ። የካህናቱ ዜማ ከውስጥ ሲሰማ ነጠላዋን አስተካክላ ተከናነበች።

"ወዴት ነሽ?" አልኳት።

"አንተ ቃልህ በሩ ላይ ነው" አለችኝ። "እኔ ግን ምንም ቃል አልገባሁም።"

ይህን ብላኝ ከሴቶቹ ጋር ገባች።